ከኤላት ከተመለስኩ ጀምሮ ግራ ጆሮዬ ተደፍኗል፣ ሳስል ይዞርብኛል ላልሽው እህት

እህቴ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወደ ማብራሪያው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ፣ ዛሬውኑ ተነሺና ሆስፒታል ሚዩን፣ ድንገተኛ ክፍሉ፣ ሂጂ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም እንዲያይሽ ጠይቂ፣ የመስማት ምርመራ ሳይሰራልኝ አልወጣም በይ። የኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድኅን ክሊኒኩን፣ ቀጠሮ ልጠብቅ ካልሽ ሳምንት ያልፋል፣ የውስጥ ጆሮ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም። ብቻሽን እንዳትሄጂ፣ መኪናም እንዳትነጂ፣ እየዞረብሽ ነው እኮ። የቀረውን እዛ ወረፋ ስትጠብቂ ታነቢዋለሽ።

ሌላ ሰውም ስለሚያነበው ጥያቄዋን ባጭሩ ላስቀምጠው። ከጓደኞቿ ጋር ቀይ ባሕር ዳር ያለችው የእስራኤል ከተማ ኤላት ወርዳ የዳይቪንግ፣ የባሕር ጠለቃ፣ ኮርስ ጀመረች። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ጉንፋን ነገር ነበራት፣ የአፍንጫ ስፕሬይ ነፍታ ገባች። 4 ሜትር አካባቢ ስትደርስ ግራ ጆሮዋን ክፉኛ ወጋት፣ አልከፈት ሲላት አፍንጫዋን ይዛ በኃይል ነፋች፣ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፣ ሕመሙ ቀለል ሲላት እስከ 12 ሜትር ወርዳ ዳይቩን ጨረሰች። ስትወጣ ማስኳ ውስጥ ትንሽ ደም አገኘች፣ ጆሮዋ ተደፍኗል፣ ይጮሃል። ማታ ሻንጣዋን ላንሳ ስትል ክፍሉ ዞረባት፣ አስመለሳት። ይኸው አምስተኛ ቀኗ ነው፣ ስታስልና ስታስነጥስ ይዞርባታል፣ ጆሮዋም አልተከፈተም። የኩፓት ሆሊም ሐኪም አይቶ ውሃ ገብቶ ነው ኢንፌክሽን ጀማምሮሻል ብሎ ጠብታና አንቲባዮቲክ ሰጣት፣ እናቷ ጤናዳም ጨምቀው አንጠበጠቡላት፣ አብሯት የነበረው ጓደኛዋ ደግሞ ናይትሮጅን ነው ቻምበር (ግፊት የሚጨመርበት የሕክምና ክፍል) ግቢ እያለ ያስፈራራታል፣ እሱም ራሱ ከጥልቅ ዳይቭ ወጥቶ ዞሮበት እንደነበር ነግሯታል። ሐሙስ ለእህቷ ሰርግ አዲስ አበባ መብረር አለባት። ምንድነው የያዘኝ፣ ቻምበር ልግባ ወይ፣ መብረር እችላለሁ ወይ፣ ሁለተኛ ዳይቭ ማድረግ እችላለሁ ወይ ነው የምትለው።

ከጻፍሽው ተነስቼ የምጠረጥረው የውስጥ ጆሮሽ በግፊት ተጎድቷል ብዬ ነው፣ የውስጥ ጆሮ ባሮትራውማ የሚባለው፣ ምናልባትም የውስጥ ጆሮው ፈሳሽ የሚያፈስበት ቀዳዳ ተከፍቷል። ጆሮሽን ሳላይ በሽታሽ ይሄ ነው ብዬ አልፈርምም፣ ግን ታሪኩ ራሱ ብዙ ይናገራል። ጠላቂ ሰው አዞረኝ ብሎ ሲመጣ ከማንኛውም ማሽን በፊት የሚጠቅመኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ መቼ ጀመረሽ? ስትወርጂ ነው፣ ታች ሳለሽ ነው፣ ስትወጪ ነው፣ ከወጣሽ በደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ ወይስ ማታ ዕቃ ስታነሺ? እያንዳንዱ መልስ ወደተለያየ በሽታ ነው የሚወስደኝ፣ ለአንዱ የሚሰጠው ሕክምና ደግሞ ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ሚዩን ስትገቢ ሐኪሙ ባይጠይቅሽም ሰዓቱን አንቺው ንገሪው።

ውሃ ገብቶ ነው የሚለውን መጀመሪያ እንተወው። ታምቡሩ ደህና ከሆነ ውሃ ከታምቡር አያልፍም፣ የውጪው ቱቦ ውስጥ የቀረ ውሃ ጆሮ ይደፍናል እንጂ አምስት ቀን ሙሉ ክፍል አያዞርም። የውጪ ጆሮ ኢንፌክሽን ቢሆን ደግሞ ጆሮሽን ስትጎትቺው ያምሽ ነበር፣ ያሳክክሽ ነበር፣ አንቺ ይሄን አልጻፍሽም። ሐኪሙ ቀይ ታምቡር አይቶ ኢንፌክሽን መሰለው፣ ጠላቂ ብዙ የማያይ ሐኪም ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ በግፊት የቆሰለ ታምቡርም ቀይ ነው። ግን በመብራት የሚታየው ታምቡሩ ድረስ ነው፣ የአንቺ ዋና ችግር ያለው ከዛ ጀርባ ነው ብዬ ነው የማስበው።

ከታምቡሩ ጀርባ አየር ያለበት ትንሽ ክፍል አለ፣ መካከለኛ ጆሮ የሚባለው፣ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው አንድ ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው፣ ዩስታኪያን ቱቦ ይሉታል። ስንውጥና ስናዛጋ ይከፈታል፣ ሌላ ጊዜ ዝግ ነው። ባሕር ወለል ላይ ግፊቱ 1 አትሞስፌር ነው፣ 10 ሜትር ላይ 2 ይሆናል፣ 20 ሜትር ላይ 3። ሰው የሚፈራው ጥልቁን ነው፣ ለጆሮ ግን ከባዱ የላይኛው 10 ሜትር ነው፣ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው እዛ ነው፣ ከ10 ወደ 20 ስትወርጂ የሚጨምረው በግማሽ ብቻ ነው። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ሀይላንድ ከአዲስ አበባ ይዘሽ ወደ አዋሽ ስትወርጂ ጭምድድ ብሎ እንደምታገኚው ማለት ነው፣ መካከለኛው ጆሮም ስትወርጂ አየር ካልተጨመረለት ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ የክፍሉ ሽፋን ያብጣል፣ ትናንሽ የደም ስሮች ይፈነዳሉ፣ ክፍሉ በደምና በፈሳሽ ይሞላል። ማስክሽ ውስጥ ያየሽው ደምም ከዚሁ ወይ ከሳይነስሽ ነው የመጣው። ጉዳቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ብዙም አልጨነቅም ነበር፣ ጠላቂዎች ላይ ከሚደርሱ ጉዳቶች ሁሉ በብዛት አንደኛ ነው፣ በአንድ በሁለት ሳምንት አብዛኛው በራሱ ይድናል።

ግን አንቺ በኃይል ነፍተሻል። ኢኳላይዝ ሳታደርጊ፣ ማለትም በቱቦው አየር አስገብተሽ የጆሮሽን ግፊት ከውጪው ጋር ሳታስተካክዪ፣ ከአንድ ሜትር ትንሽ እልፍ ስትይ፣ 1.2 ሜትር አካባቢ፣ የቱቦው አፍ በግፊቱ ይቆለፋል፣ ከዛ በኋላ ብትውጪም ብታዛጊም ጡንቻዎቹ ሊከፍቱት አይችሉም። አንቺ ደግሞ 4 ሜትር ላይ ነበርሽ። እዛ ላይ አፍንጫ ይዞ መንፋት፣ ቫልሳልቫ የምንለው ነው፣ የተቆለፈውን ቱቦ አይከፍተውም፣ ግን የደረትሽ ግፊት ይጨምራል፣ ከሱ ጋር የደም ስሮችሽ ግፊት ይጨምራል፣ ከሱ ጋር አንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ግፊት ይጨምራል፣ ያ ፈሳሽ ደግሞ ከውስጥ ጆሮሽ ፈሳሽ ጋር የተገናኘ ነው። ስለዚህ በአንድ በኩል ከውስጥ እየተገፋ በሌላ በኩል መካከለኛው ጆሮ እየሳበ፣ ሁለቱን የሚለየው ክቡ መስኮት የሚሉት በጣም ስስ ሽፋን መሃል ላይ ይወጠራል፣ ይቀደዳል። ቱቦው ድንገት ቢከፈት እንኳ አየሩ ባንዴ ስለሚገባ ሽፋኑን በተቃራኒው ወደ ውስጥ ይመታዋል። ያ ጧ ያለሽ ነገር ታምቡርሽ ሊሆን ይችላል፣ ቱቦው ሊሆን ይችላል፣ መስኮቱ ሊሆን ይችላል፣ ሳይመረመር መለየት አይቻልም። ሕመሙ ቀለል ማለቱም መዳን አይደለም፣ ታምቡር ሲቀደድም ግፊቱ ስለሚተነፍስ ሕመሙ ቀለል ይላል።

ከዛ በኋላ ያለው ነው ይበልጥ ያሳሰበኝ። ከውሃ ስትወጪ አልዞረብሽም፣ የዞረብሽ ማታ ሻንጣ ስታነሺ ነው፣ አሁንም ስታስዪና ስታስነጥሺ ይዞርብሻል። ይሄ ማለት ባማጥሽ ቁጥር ግፊቱ ከፍ ሲል ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ይረበሻል ማለት ነው፣ ፈሳሹ በተቀደደው መስኮት እየወጣ ሊሆን ይችላል። መስማትሽም ጭምር ከሄደ ሁለቱ አንድ ላይ ስለመጡ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል፣ የመስሚያውም የሚዛኑም አካል በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ነው ያሉት።

ወረፋ ላይ ሆነሽ አንድ ነገር ሞክሪ። አፍሽን ዘግተሽ ቀስ ብለሽ ምምምም በይ። ድምፁ የትኛው ጆሮሽ ጋ ይጎላል? በታመመው በግራው ከጎላ ድምፅ የሚያስተላልፈው ክፍል ላይ ነው ችግሩ፣ ደም ይሁን ፈሳሽ ይሁን የተቀደደ ታምቡር፣ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ይድናሉ። በደህናው በቀኙ ከጎላ ግን ግራ ጆሮሽ ከውስጥ መስማቱ ቀንሷል ማለት ነው፣ ለሐኪሙ ቶሎ ንገሪው። ሐኪም 512 ሄርዝ የሚያወጣውን የብረት ሹካ ግንባርሽ ላይ አስቀምጦ የሚሰራው ዌበር የሚባለው ምርመራ ሐሳቡ ይሄው ነው። ብቻ የቤቱ ሙከራ ጥሩ ወጣልኝ ብለሽ ወደ ቤት እንዳትመለሺ አደራ፣ ሁለቱ ጉዳቶች አንድ ጆሮ ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ፣ የሚለያቸው በአየርም በአጥንትም የሚሰራ ኦዲዮግራም፣ የመስማት ልኬቱ፣ ብቻ ነው። ይሄን በግልጽ ጠይቂ፣ በአየር ብቻ የተሰራ ከሆነ ግማሽ ምርመራ ነው።

ኦዲዮግራሙ የውስጥ ጆሮ መጎዳቱን ካሳየ ፕሬድኒሶን የሚባለውን ስቴሮይድ ሊጀምሩልሽ ይችላሉ፣ በተለምዶ በኪሎ 1 ሚሊግራም ሆኖ በቀን እስከ 60 ሚሊግራም ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው ተስፋ የሚሰጠው፣ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። አምስት ቀንሽ ነው፣ ጊዜ አለሽ ግን የሚባክን ጊዜ የለሽም። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይ የጨጓራ ቁስለት ካለብሽ፣ ነፍሰጡርም ከሆንሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ከሰው ተቀብለሽ በራስሽ እንዳትጀምሪ።

ፊስቱላ ማለትም ያ የሚያፈስ ቀዳዳ ከተጠረጠረ ዋናው ሕክምና እረፍት ነው፣ እረፍት ስልሽ ግን ሥራ አለመግባት ብቻ አይደለም። ጭንቅላትሽን ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ አድርገሽ ተኚ፣ ሁለት ሦስት ትራስ። ዕቃ አታንሺ፣ ልጅም ቢሆን አትሸከሚ። አፍንጫሽን አትናፈጪ፣ ማስነጠስ ከመጣብሽ አፍሽን ከፍተሽ አስነጥሺ እንጂ አፍነሽ እንዳትይዢው። ጆሮዬ ይከፈት ብለሽ አፍንጫ ይዞ መንፋት ፈጽሞ፣ ፈጽሞ አትሞክሪ፣ ደፈነኝ ስትይ እጅሽ ወደ አፍንጫሽ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ግን ለመዳን የጀመረውን ሽፋን የምትቀጂው እሱ ላይ ነው። ሽንት ቤት አታምጪ፣ ሆድ ድርቀት ካለብሽ ተልባ ጠጪ፣ ውሃ አብዢ፣ ካልሆነም የሚያለሰልስ መድኃኒት ጠይቂ፣ ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ብዙ ሰው በዚህ ነው ያሻሻለውን የሚያበላሸው። ብዙዎቹ በዚህ እረፍት በቀናትና በሳምንታት ይሻላቸዋል። መስማትሽን በየጊዜው ይለኩልሻል፣ እያሽቆለቆለ ከሄደ ወይ ማዞሩ አልቆም ካለ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ታምቡሩን ከፍተው መስኮቶቹን ከራስሽ በተወሰደ ስጋ ይሸፍኑታል። ለማቅለሽለሹ የሚሰጥሽን ኪኒን ለጥቂት ቀን ብቻ ተጠቀሚ፣ ሲበዛ አንጎል ሚዛኑን እንዳያስተካክል ያዘገየዋል።

ስለ ጤናዳሙ። እናትሽ ጨንቋቸው ያደረጉት ነው፣ እኛ ሀገር የጆሮ ሕመም ሲባል ጤናዳም ያልተጨመቀበት ልጅ የለም፣ እሳቸውን አትቆጪ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ጆሮሽ ውስጥ ምንም ፈሳሽ አይግባ፣ ጤናዳምም፣ የሞቀ ዘይትም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ሻወር ስትወስጂ ውሃም። ታምቡርሽ ተቀዶ ከሆነ የሚንጠባጠበው ሁሉ በቀጥታ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። የተሰጠሽንም ጠብታ ስሙን አይተሽ ለሐኪሙ አሳዪው፣ እንደ ጀንታማይሲንና ኒኦማይሲን ያሉት ታምቡር ተቀዶ ሲገቡ የውስጥ ጆሮን ሊመርዙ ይችላሉ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሆነ ለቀዳዳ ታምቡርም ደህና ነው። አዲስ አበባ ከሄድሽ በኋላም ዘመድ ፋርማሲ ወርዶ ጠብታ ገዝቶ እንዳያመጣልሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ቻምበሩ። ጓደኛሽ የሚለው በሽታ እውነት ነው፣ የውስጥ ጆሮ ዲኮምፕሬሽን ይባላል። ታች ስንተነፍስ ሰውነት ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ስንወጣ አረፋ ይሰራል፣ አረፋው የውስጥ ጆሮውን ከያዘ ሰውየው ይዞርበታል፣ ያስመልሰዋል፣ መቆም ያቅተዋል። ግን ያ በሽታ ራሱን የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ በተወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው፣ ጠለቅ ካለ ወይ ረጅም ከሆነ ዳይቭ በኋላ ነው፣ ማዞሩ ከመስማት ችግሩ ይበልጣል፣ ስትወርጂ ጆሮ ኢኳላይዝ በማድረግ መቸገርን አይጠይቅም። የአንቺ ሁሉም ተቃራኒ ነው፣ 12 ሜትር፣ ስትወርጂ የተቸገረ ጆሮ፣ በኃይል የተነፋ፣ መጀመሪያ ጆሮሽ ተደፈነ ከዛ ከሰዓታት በኋላ በማንሳት ማዞር መጣ። ስለዚህ በጓደኛ ምክር ቻምበር እንዳትገቢ፣ ቻምበር ውስጥም እኮ ግፊት ይጨመርብሻል፣ ጆሮሽን እንደገና ኢኳላይዝ ማድረግ ይኖርብሻል፣ ቀዳዳ ካለ ይባባሳል። ሐኪሞቹ አይተው ሁለቱን መለየት ካቃታቸው ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅተው ግፊቱ እንዳይጎዳሽ አድርገው ሊያስገቡሽ ይችላሉ፣ ያ የእነሱ ውሳኔ ነው። ኤላት ላይ ዮሴፍታል ሆስፒታል ቻምበር አለው፣ ሃይፋም የባሕር ኃይሉ የሕክምና ተቋም በዚህ ብዙ የሰራ ነው፣ የሚዩን ሐኪሙ ከተጠራጠረ በስልክ እንዲያማክራቸው ንገሪው።

የጓደኛሽ ነገር ግን እኔን ከአንቺ ባላነሰ አሳስቦኛል። ሳቲል የምትባለዋ የሰመጠች የጦር መርከብ ጋ 25 ሜትር ገብቶ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ ዞረበት፣ አስመለሰው፣ ተኛበት፣ በሦስተኛው ቀን ተሻለው ብለሻል፣ ጆሮው ስትወርዱ አላስቸገረውም ብለሻል። አረፋውን እጠረጥራለሁ። ተሻለው ማለት ዳነ ማለት አይደለም፣ አንዱ የሚዛን አካል ቢሞትም አንጎል በሌላኛው መስራት ይለምዳል፣ ሰውየው ደህና ነኝ ይላል፣ ጨለማ ውስጥ ወይ ዓይኑን ጨፍኖ ሲራመድ ነው የሚንገዳገደው። እሱም የሚዛን ምርመራ ያስፈልገዋል፣ የልብ አልትራሳውንድም ትናንሽ አረፋ ያለበት ፈሳሽ በደም ስሩ እየተሰጠው ይሰራለት። ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ከልጅነቱ ያልተዘጋ ትንሽ ቀዳዳ በልቡ ሁለት የላይኛ ክፍሎች መሃል አለው፣ በኑሮው አያውቀውም፣ ዳይቪንግ ላይ ግን ሳንባ ማጣራት የነበረበትን አረፋ ወደ አንጎልና ወደ ጆሮ የሚያሳልፈው ያ ነው። እስኪታይ ድረስ ውሃ አይግባ። ያን ቀን ያስፈልገው የነበረው እንቅልፍ ሳይሆን በጥብቅ ማስክ 100 ፐርሰንት ኦክስጅን ነበር፣ ጀልባው ላይም ክለቡም ይኖራል፣ ከዛ 101፣ የእስራኤል አምቡላንስ፣ መደወል፣ ከዛ ቻምበር፣ የተለመደው ሕክምና በ18 ሜትር ጥልቀት ግፊት ኦክስጅን እየተነፈሱ ይጀመራል፣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማናችሁም ላይ ነገር ለሁለት መታየት፣ ምላስ መተሳሰር፣ እጅ እግር መድከም ወይ መደንዘዝ ከመጣ ጆሮ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ አንጎል ነው፣ ወዲያው 101።

ሌሎች ጠላቂዎችም ስለሚያነቡት፣ ውሃ ውስጥ የሚያዞር ሁሉ ከባድ አይደለም። ስትወጡ አንዱ ጆሮ አየሩን ቀድሞ ሲለቅ ሌላው ሲይዝ ለሰከንዶች ወይ ለደቂቃ ይዞራል፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ቆሞ በቀስታ መውጣት ነው፣ ራሱ ይጠፋል። ታምቡር ውሃ ውስጥ ሲቀደድ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ዓለም ይገለበጣል፣ ውሃው በሰውነት ሙቀት እስኪሞቅ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው፣ የኤላት ውሃ በብርዱ ወቅት 21 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን በደንብ ይሰማል። የሚገድለው ማዞሩ ሳይሆን ድንጋጤው ነው፣ ገመድ ወይ ድንጋይ ወይ ጓደኛ ያዙ፣ ሬጉሌተራችሁን፣ የምትተነፍሱበትን፣ ከአፋችሁ አታውጡ፣ ቢያስመልሳችሁም በሱ ውስጥ አስመልሱ፣ ወደ ላይ አትሩጡ። ከዳይቭ በኋላ ደግሞ አልጋ ላይ ስትገላበጡ ብቻ ለሰከንዶች የሚዞርባችሁ የጆሮ ክሪስታል ሊሆን ይችላል፣ ኤፕሊ የሚባለው ጭንቅላት የማዞር ሕክምና አለው፣ ግን አንቺ እህቴ ቪዲዮ አይተሽ ቤት እንዳትሞክሪው፣ መጀመሪያ ቀዳዳ አለመኖሩ ይረጋገጥ።

ወደ በረራው። ናይትሮጅኑን በተመለከተ አምስት ቀን አልፏል፣ በዛ በኩል ችግር የለም፣ የተለመደው ምክር ከአንድ ዳይቭ በኋላ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀን ከጠለቁ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው። ይሄ ከ600 ሜትር በላይ ለሚወጣ መንገድም ጭምር ነው፣ ከኤላት በሚጽፔ ራሞን በኩል የምትመለሱ ከ800 ሜትር በላይ ነው የምትወጡት፣ በዕለቱ ከሆነ ዝቅ ባለው በአራቫው ሸለቆ በኩል ሂዱ። አዲስ አበባ ለሚበር ጠላቂ ደግሞ ሌላ የሚዘነጋ ነገር አለ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ እንደ 2,400 ሜትር ከፍታ ነው የሚደረገው፣ ቦሌ ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ቴልአቪቭ ወይ ዱባይ የሚያርፍ ሰው ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል፣ አዲስ አበባ የሚያርፍ ግን አይመለስለትም፣ ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ባነሰ አየር ውስጥ ነው ሰርጉን የሚጨፍረው። ስለዚህ ከቀይ ባሕር ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሀገር የሚገባ ሰው ሰዓቱን ጠበቅ አድርጎ ይቁጠር፣ አንድ ሙሉ ቀን ቢጠብቅ እኔ ደስ ይለኛል።

የአንቺ ጥያቄ ግን የጆሮ ነው። ቀዳዳው ከተጠረጠረ ሐሙስ መብረር የለብሽም፣ ይሄን የምጽፈው እያዘንኩ ነው፣ የእህት ሰርግ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አውሮፕላኑ ሲነሳ መካከለኛው ጆሮ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፣ ቱቦሽ አብጦ ከተዘጋ ያ ግፊት መስኮቱ ላይ ያርፋል፣ ሻንጣ መጎተቱ፣ ወረፋው፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሌላ ነው። ስትሄጂ ባትታመሚ እንኳ ስትመለሺ አለ፣ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወደ ባሕር ወለል ነው የምትወርጂው፣ በጉንፋን ላይ ጆሮሽ እንደገና ይጨመቃል። ኦዲዮግራሙ ጥሩ ከሆነ፣ ሐኪሙ የውስጥ ጆሮሽ ደህና ነው ካለ፣ ጆሮሽም ሳትነፊ ስትውጪ ብቻ መከፈት ከጀመረ፣ ያኔ ሌላ ውሳኔ ነው። ታምቡሩ ብቻ ተቀዶ ቀሪው ደህና ቢሆንማ መብረሩ አያምሽም ነበር፣ አየሩ በቀዳዳው ይወጣል ይገባል። ውሳኔው ያየሽ ሐኪም ይሁን፣ ለአየር መንገዱ የሚሆን ወረቀት እንዲጽፍልሽ ጠይቂው፣ እህትሽን ግን ዛሬ ደውለሽ ላልመጣ እችላለሁ በያት፣ ሐሙስ ጠዋት ላይ ከምትሰማው ይሻላል።

ዳይቪንግ ደግሞ ለጊዜው እርሺው። የመካከለኛ ጆሮ ጉዳት ብቻ ከሆነ ጆሮው ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ታምቡሩ በሐኪም ታይቶ ነው፣ ሳምንታት ነው። ታምቡር ከተቀደደ ከዳነ በኋላ ሁለት ሦስት ወር። የውስጥ ጆሮ ከተጎዳ ግን ሐኪሞች አይስማሙም፣ ዕድሜ ልክ ይቅር የሚሉ አሉ፣ መስማቱና ሚዛኑ ከተመለሰ፣ ኢኳላይዝ ማድረግም በቀላሉ የሚችል ከሆነ ከወራት በኋላ የሚፈቅዱ አሉ። እኔ መስማቱ ቀንሶ ለቀረ ሰው ተው ነው የምለው፣ ሁለተኛው ጉዳት የቀረውን ይወስደዋል፣ ሌላኛው ጆሮም እድሜውን ሙሉ ሲያገለግል ዋስትና የለውም።

ከተፈቀደልሽ ግን አሠራርሽ ይቀየር። ጉንፋን ካለ ገንዘቡ ቢቃጠልም አይገባም፣ ስፕሬዩ ሲወርዱ ይከፍትልሽና ታች ሳለሽ ኃይሉ ሲያልቅ ቱቦው ያብጣል፣ ስትወጪ አየሩ መውጫ ያጣል። ገና ውሃው ላይ ሳለሽ ጀምሪ፣ እግርሽን ወደ ታች አድርገሽ ገመድ ይዘሽ ውረጂ፣ በየግማሽ ሜትሩ፣ ሳያምሽ በፊት። አፍንጫ ይዞ መዋጥ አለ፣ ምላስን ወደ ላይ ገፍቶ አየሩን በጉሮሮ ማሳለፍ አለ፣ ፍሬንዜል የሚሉት፣ ደረትን አያስጨንቅም፣ እሱን የብስ ላይ ተለማመጂ። እምቢ ካለሽ አንድ ሜትር ወደ ላይ ውጪና ሞክሪ፣ ሁለተኛ እምቢ ካለ ለአስተማሪሽ ምልክት አሳይተሽ ዳይቩን ጨርሺ፣ ቡድኑ ይጠብቀኛል፣ አሳፍራቸዋለሁ ብለሽ እንዳትገፊ። መጀመሪያ የምትሞክሪውም ባሕር ላይ ሳይሆን 3 ሜትር ገንዳ ውስጥ ይሁን። ለአሁኑ ኦዲዮግራሙ ሲሰራ ፎቶ አንሺና የአጥንቱ መስመር ስንት ዴሲቤል ላይ እንዳለ፣ ታምቡርሽም ተቀዷል ወይስ አልተቀደደም ያሉሽን እዚሁ ጻፊልኝ፣ ስም እና መታወቂያ ቁጥርሽን ግን ሸፍኚው።